ባዶው ቅንፍ

አለቃችን ማወዳደር ነፍሱ ነው። ወንበር ሊገዛ ሲነሳ ሦስት ወንበር ያስመጣል፤ ሳምንት ሙሉ እየተነሳ እየተቀመጠ ያወዳድራል፤ መጨረሻ ላይ ማንም ያልተቀመጠበትን አራተኛ ወንበር ይገዛና ሁላችንም ወገባችንን ይዘን እንውላለን። ስለዚህ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አምስት የፕሮግራም ቋንቋዎች ስህተትን እንዴት እንደሚይዙ አወዳድረህ አምጣ ሲለኝ አልገረመኝም። የውጤት መላኪያው ፕሮግራም በአዲስ ቋንቋ እንደገና ሊጻፍ ነው፤ የትኛው እንደሚሻል በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ እስከ ሐሙስ ይፈልጋል። ከአንድ ገጽ ካለፈ አላነብም አለኝ። አንድ ገጹንስ መቼ አንብቦ ያውቃል?

የምንሠራው የሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ደሙ፣ ሽንቱ፣ በመርፌ የተቀዳው ናሙና ከየሐኪሙ ይመጣል፤ ምድር ቤት ያሉት በማይክሮስኮፕ ያዩታል፤ ደህና ከሆነ መዝገብ ላይ አስፍረው ይተውታል፤ ደህና ካልሆነ ደግሞ ሐኪም ይየው ብለው አስተያየታቸውን ይጽፉበታል። ያን ጊዜ የእኔ ፕሮግራም አስተያየቱን ለሐኪሙ፣ አጭር የጥሪ መልእክት ደግሞ ለታማሚው ስልክ ይልካል። ፎቅ ላይ ሆነን ይህን የምንጠብቅ ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና ዳኛዋ። ዳኛዋ ያልኳት እኔ ነኝ። በዕድሜ አስራ አምስት ዓመት ታንሰኛለች፤ ግን የሰው ሥራ ስታነብ ከንፈሯን ነክሳ ነው፤ ጥፋት ካገኘች መነጽሯን ታወልቃለች። መነጽሯ ሲወልቅ ያላየ ሰው እንደ ልቡ ያውራ።

ቅዳሜ ከሰዓት እንደ ልማዴ እህቴ ሱቅ ሄድኩ። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ሰባት ዓመቴ፣ እሷ አስራ ሰባት ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ እናቴም እህቴም እሷው ናት። እታለም ነው የምላት። ጸጉሬ ሸብቶ እንኳ እሷ ፊት ከመቆሜ በፊት የሸሚዜን ቁልፎች አያለሁ፤ አንዱ ከጎደለ ቁጣዋ አይጣል ነው። ሱቋ ሁለት የስፌት መኪና አለ፤ አንዱ ከተበላሸ ቆይቷል፣ የጨርቅ መደርደሪያ ሆኗል። እሷ ከሚሠራው ኋላ ተቀምጣ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ቀና ሳትል መጣ ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር ሲጣላ የከረመው አለችኝ።

አለቃዬ ያዘዘኝን ነገርኳት። ንገረኝ እስቲ፣ ምንድነው የሚያጣላችሁ አለች። እኔም ምን ቸገረኝ፣ ሠንጠረዡን በቃል ልለማመደው ብዬ ጀመርኩ። ፕሮግራም ማለት ትእዛዝ ነው አልኳት፤ ይህን ክፈት፣ ያን አንብብ፣ ወደዚያ ላክ። የታዘዘው ሁልጊዜ አይሳካም፤ ፋይሉ ይጠፋል፣ መስመሩ ይቋረጣል። ቋንቋዎቹ የሚለያዩት ያን ጊዜ ነው። ሲ የሚባለው ሽማግሌው ቋንቋ ሥራውን ሲጨርስ አንድ ቁጥር ይሰጥሃል፤ ዜሮ ከሆነ ሰላም፣ ሌላ ከሆነ ጉድ አለ ማለት ነው። ቁጥሩን ማየት አለማየት ያንተ ፋንታ ነው፤ ካላየኸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወደሚቀጥለው ሥራ ያልፋል። ፓይተን ደግሞ ጯሂ ነው። ችግሩን ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ ከበላዩ ያለው ካልያዘው ከዚያም በላይ ወዳለው ይሄዳል፤ ማንም ካልተቀበለው ፕሮግራሙ ሰው ፊት ዘጭ ይላል። እህቴ ይሄ አንተን ነው አለችኝ።

ጎ የሚባለው ውጤቱን በአንድ እጅ፣ ችግሩን በሌላ እጅ ያቀብልሃል፤ ችግሩን አልፈልግም ካልክ አንዲት ሰረዝ ጽፈህ ትጥለዋለህ። ረስት ግን ሁለቱንም በታሸገ ሳጥን ውስጥ ያደርገዋል፤ ሳጥኑን ከፍተህ ውጤት ይሁን ችግር ሳታይ ንክች አታደርግም። ይቺንስ ወደድኳት አለች። ዳኛዋም እሷኑ ነው የምትወድ አልኳት።

ጃቫ ቀረ፤ የእኔ ፕሮግራም የተጻፈበት። ጃቫ እንደ ቁጡ አስተማሪ ነው አልኳት። ችግር ቢመጣ ምን ታደርጋለህ ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅሃል፤ መልስ ካልጻፍክ ንቅንቅ አያደርግህም። ሞክር ብለህ ሥራውን በአንድ ቅንፍ ውስጥ ትጽፋለህ፤ ያዝ ብለህ ደግሞ ችግር ሲመጣ የምታደርገውን በሌላ ቅንፍ ውስጥ ትጽፋለህ። አንድ ጉድ ግን አለው። ሁለተኛው ቅንፍ መኖሩን እንጂ ውስጡ ምን እንዳለ አያይም። ባዶ ቅንፍ ብትሰጠውም ያሳልፍሃል፤ ችግሩ እዚያ ገብቶ ይዋጣል፣ ማንም አይሰማም።

እህቴ መኪናዋን አቆመች። ታዲያ ምን ዓይነት አስተማሪ ነው አለች፤ ደብተር መያዝህን አይቶ ውስጡን ያላነበበ። ከዚያ የጨረሰችውን ቀሚስ አንስታ ገለበጠችው። ገበሩን ዳሰሰች፣ ስፌቱን አንድ በአንድ በጣቷ ተከተለች፣ የተንጠለጠለች ክር አገኘችና በጥርሷ ቆረጠቻት። እሷ ውስጡን ሳትገለብጥ ልብስ አስረክባ አታውቅም። የእናንተስ አይገለበጥም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እንዴታ አልኳት፤ ይህን ባዶ ቅንፍ የሚጽፉ ሰነፎችን ስሰድብ ሃያ ዓመቴ ነው።

ያን ቀን ኮሌታው አገጯ ድረስ የደረሰ ሸሚዝ ለብሳ ነበር። ሙቀቱ ሰው ይቀቅላል። ምነው እታለም በዚህ ሙቀት አልኳት፤ ፋሽን ነው፣ አንተ ምን ታውቃለህ አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አላውቅም። የዛሬ አስራ ሦስት ወር አንገቷ ሥር የአዝራር ቁልፍ የምታህል እብጠት ወጥታባት ነበር። ሜትር ስሸከም ነው እያለች ስትቀልድ እኔ ነኝ ጎትቼ ሐኪም ዘንድ የወሰድኳት። ሐኪሟ በመርፌ ቀድታ ወደ እኛ ላቦራቶሪ ላከችው፤ ስታሰናብታትም ካልደወልንልሽ ደህና ነሽ አለቻት። ይህን አነጋገር ሐኪሞቹን ያስለመድናቸው እኛ ነን። ፕሮግራሙ ሥራ የጀመረ ሰሞን አለቃችን፣ መጥፎ ነገር ካለ መልእክት ይደርሳችኋል፣ ካልደረሳችሁ ሰላም ነው የሚል ደብዳቤ ለሁሉም በትኗል። በቀን አምሳ ሰው የሚያይ ሐኪም ከዚህ የተሻለ ምን ይፈልጋል?

ሦስት ሳምንት ቆይታ እህቴ ውጤቴስ ብላ ጠየቀችኝ። የታማሚ ውጤት ከፍቶ ማየት ለእኔና ለዳኛዋ ክልክል ነው፤ የካርድና የስልክ ቁጥር ብቻ ነው የምናየው። ግን ማየትም አላስፈለገኝም። አፌን ሞልቼ ነገርኳት። "ካልደወሉ ደህና ነሽ ማለት ነው፤ መላኪያውን የጻፍኩት እኔ አይደለሁ እንዴ?" አልኳት። እፎይ ብላ ወደ መኪናዋ ዞረች።

ሰኞ ጠዋት ለሠንጠረዡ ምሳሌ የሚሆን ሥራ ፈለግኩ። ያንኑ አንድ ሥራ በአምስቱም ቋንቋ ጽፌ ጎን ለጎን ላስቀምጥ ነው። ሩቅ ምን አስኬደኝ ብዬ የራሴኑ መላኪያ ከፈትኩ። ከጻፍኩት በኋላ ውስጡን አይቼው አላውቅም ነበር፤ የሚሠራን ነገር ማን ይነካል? ሞክር በሚለው ቅንፍ ውስጥ ሁለት መስመር አለ፤ ለሐኪሙ ላክ፣ ለታማሚው ላክ። ያዝ የሚለው ቅንፍ ባዶ ነው። ባዶ እንኳ አይደለም፤ ማሽኑ የማያነበው፣ ለሰው ብቻ የተተወ አንድ ማስታወሻ አለበት፦ በኋላ ይታያል። ከቅንፉ በታች የመጨረሻዋ መስመር አለች፤ ተልኳል ብለህ ምልክት አድርግ።

ዳኛዋ ከኋላዬ ቆማ ነበር። መነጽሯን አወለቀች።

"ጋሼ፣ ይሄን ማን ነው የጻፈው?"

ማን እንደጻፈው ታውቃለች፤ ከመስመሩ ጎን ስሜ አለ። እኔ ነኝ አልኳት። ሥራ በጀመረበት ቀን መስመሩ በየደቂቃው እየተቋረጠ ፕሮግራሙ ሲወድቅ ዋለ፤ አለቃችን እንግዶች ጋብዞ ጭንቅላቴ ላይ ቆሞ ነበር፤ እስኪመሽ ሳይወድቅ ይቆይልኝ ብዬ ነው ያደረግኩት። ሳይወድቅ መሸ፣ ተጨበጨበ፣ እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ። አስራ አራት ወር አለፈ። እና ምን ዋጠ አለችኝ። ምንም አልኳት። የሚመስልህን አልጠየቅኩም፣ የዋጠውን ነው የጠየቅኩት አለች። ደሜ ፈላ። ስንት ዓመት በሠራሁበት ሥራ ልጅ ልታስተምረኝ ነው ብዬ ያልሆነ ነገር ተናገርኳት። እሷ ግን ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ጠበቀች።

እልህ ይዞኝ አንዲት መስመር ቅንፉ ውስጥ ጨመርኩ፤ የዋጥከውን ጻፍ የምትል። መልእክቶቻችንን የሚያደርስልን ድርጅት የሰጠን መሞከሪያ አለ፤ ለሰው ስልክ ሳይልክ እቀበላለሁ ወይም አልቀበልም ብሎ ብቻ ይመልሳል። የአስራ አራቱን ወር ውጤት በሙሉ በእሱ ላይ አስኬድኩት። ሐኪም ይየው የተባሉት ወደ ሁለት ሺህ ይጠጋሉ። ዝርዝሩ ሲያልፍ እያየሁ ዳኛዋን ልሳለቅባት ቃላት አዘጋጅ ነበር። ሲያበቃ ሃያ ሦስት መስመር ተጽፎ አገኘሁ።

የሁሉም ምክንያት አንድ ነው፦ ጽሑፉ ከተፈቀደው ርዝመት አልፏል። መጀመሪያ አልገባኝም። ዳኛዋ ናት የገባት፤ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። ምድር ቤት ያሉት ነገሩ ቀላል ሲሆን አጭር ይጽፋሉ፤ ደም ማነስ አለ፣ ቁስለት ይመስላል፣ ከወር በኋላ ይደገም። ነገሩ የከፋ ሲሆን ግን ዓይነቱን፣ መጠኑን፣ የት ድረስ እንደሄደ፣ ወደየትኛው ስፔሻሊስት በስንት ቀን መላክ እንዳለበት ይጽፋሉ። ክፉ ዜና ረጅም ነው። ድርጅቱ የረዘመውን አልቀበልም ሲል የሐኪሙ መስመር ይወድቃል፤ የሐኪሙ ሲወድቅ ከሥሩ ያለው የታማሚው መስመር ሳይሞከር ይዘለላል፤ ባዶው ቅንፍ ችግሩን ይውጣል፤ የመጨረሻዋ መስመር ተልኳል ብላ ምልክት ታደርጋለች። ፕሮግራሜ አስራ አራት ወር ሙሉ ቀላሉን ሁሉ ሲያደርስ፣ የከፋውን እየመረጠ ሲያስቀር ነበር።

አስራ ሰባተኛው መስመር ላይ ያለው ስልክ ቁጥር በቃሌ የማውቀው ነው። የመጀመሪያ ስልኳን የገዛሁላት እኔ ነኝ፤ ቁጥሩን የመረጥኩላትም እኔ ነኝ፣ እንዳይጠፋት ብዬ ቀላሉን። ዳኛዋ ምን ሆንክ ትለኛለች። ክልክሉን ጥሼ ውጤቱን ከፈትኩት። ረጅም ነበር። ግማሹ የሕክምና ቋንቋ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው ግን ለማንም ይገባል። በአስቸኳይ፣ ከሁለት ሳምንት ሳያልፍ ሕክምና ይጀመር ይላል። ቀኑ የዛሬ አስራ ሦስት ወር ነው።

ኮሌታው ትዝ አለኝ። መጀመሪያ እብጠቷ ሜትሯ የምትሸፍናት ያህል ነበረች፤ ከዚያ ሻርፕ መጣ፤ ከዚያ ኮሌታ፤ ኮሌታው ደግሞ በየወሩ ከፍ እያለ ሄደ። ሁሉንም አይቻለሁ። በየቅዳሜው ፊቷ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።

አለቃችን ዘንድ ሁለታችንም ወጣን። ሲሰማ ላብ አጠመቀው፤ በሩን ዘጋ። ማን ማን ያውቃል ብሎ ጠየቀ። እኛ ብቻ ስንለው ትንሽ ቀለል ያለው መሰለኝ። ጠበቃ ሳናማክር ለማንም ቃል እንዳይወጣ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ኮሚቴ ይሰየማል አለ። ከነዚህ አንዷ እህቴ ናት አልኩት። አዘነልኝ፤ እውነት አዘነልኝ፣ ትከሻዬን ያዘኝ። ለእሷ ብቻ በግል ልትነግራት ትችላለህ አለኝ። እንደ ውለታ ነው የነገረኝ። ልሰድበው ፈልጌ ነበር፤ እሱን በምን አፌ ልስደበው?

ተመልሰን ቁጭ ብለን በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሁሉንም አስተካከልነው። ይኸው ነበር፤ የአንድ ሰዓት ተኩል ሥራ። ረጅሙ ጽሑፍ ተቆራርጦ እንዲሄድ፣ የሐኪሙና የታማሚው መስመር ለየብቻ ቅንፍ እንዲኖራቸው፣ የወደቀ ነገር ካለ ማሽኑ እኛ ላይ እንዲጮህ አደረግን። ዳኛዋ ለቀሩት ሃያ ሁለት ታማሚዎችና ለሐኪሞቻቸው ራሴ እደውላለሁ አለች፤ ኮሚቴው ገደል ይግባ። እኔ ደግሞ እህቴ ዘንድ ሄጄ በአካል፣ እጇን ይዤ ልነግራት ነው። ከመነሳቴ በፊት አንድ ነገር አደረግኩ። ሃያ ሦስቱ ላይ ያለው ተልኳል የሚል ምልክት ዓይኔ ውስጥ ገባ። ያን ውሸት ትቼ መሄድ አቃተኝ። ሁሉንም ያልተላከ ወደሚል መለስኳቸውና፣ አዲሱን ፕሮግራም ሥራ ላይ አውዬ፣ ጃኬቴን አንስቼ ወጣሁ።

ሃያ ዓመት የሠራ ሰው። ያልተላከ ካለ ላክ የምትለዋን ትእዛዝ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ፕሮግራሙ በየሩብ ሰዓቱ እየነቃ ያልተላከ ይፈልጋል። ስህተቱን አስተካክዬ፣ እውነቱን ጽፌለት፣ ትቼው ሄድኩ።

መንገድ ላይ የምላትን እያዘጋጀሁ ነበር። እታለም ተቀመጪ ልበላት? መቀመጥስ ተቀምጣለች። ትንሽ ችግር ተፈጥሯል ልበላት? ሱቋ ካለበት መንገድ ማዶ ደርሼ መኪና እስኪያልፍ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት። በመስታወቱ ትታየኛለች፤ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ፣ በሁለት እጇ አንድ ጃኬት ትገለብጣለች። እኔን አላየችኝም።

እየሳቀች ነበር። "ስማ አንተ፣ ኮምፒውተርህ ከእንቅልፉ ነቃ መሰለኝ" አለችኝ። "ውጤትዎ ደርሷል፣ በአስቸኳይ ሐኪምዎን ያነጋግሩ ይለኛል። ቀኑን አየሁት፣ የአምናው ነው። እንዲህ ነው የምታወዳድረው? ይቺ ታሽጋ የምትመጣዋ ትሻላለች ብዬህ ነበር።"

መኪናው አለፈ። እኔ ግን አልተሻገርኩም።

"የድሮ ነው አይደል? ዝም ብዬ ልተወው?" አለች።

እናት የሆነችኝን እህቴን፣ አዎ ተይው ብዬ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ለማሳረፍ የማልሰጠው ነገር አልነበረም። እምቢ ማለትም፣ እሺ ማለትም አቃተኝ። ጃኬቱን ስትገለብጥ የነበሩት እጆቿ ቀስ አሉ፤ ከዚያ ቆሙ።

"ዝም አልክ" አለች።

ቀና ስትል መንገድ ማዶ ቆሜ አየችኝ። በሰኞ ቀትር፣ በሥራ ሰዓት፣ ጃኬቴን በእጄ ይዤ። ስልኩን ዘጋችና ጃኬቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እስክሻገር ድረስ ሁለት እጇን ኮሌታዋ ላይ ይዛ ጠበቀችኝ።

ሐኪሟ በዚያው ቀን ተቀበለችን፤ መልእክቱ እሷም ዘንድ ተቆራርጦ ደርሶ ነበር። እህቴ ኮሌታዋን ስትከፍት አንገቷን አየሁት፤ ዓይኔን ወደ ግድግዳው መለስኩ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ምርመራ ነበር፤ ፎቶ፣ መርፌ፣ ሌላ ፎቶ። መጨረሻ ላይ ሐኪሟ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች። ከዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ብላ ጀመረችና አቋረጠችው። ጨርሺው አልኳት። ከዓመት በፊት የሚድን በሽታ ነበር አለች፤ አሁን ማስታገስ ነው። ስንት ጊዜ አለኝ ብላ እህቴ ጠየቀች። ሐኪሟ አልዋሸቻትም። እህቴ በጣቶቿ ቆጠረችና፣ የጀመርኩት የሙሽራ ቀሚስ ይደርስልኛል አለች።

የሌሎቹን ዳኛዋ ናት የነገረችኝ። ከሃያ ሁለቱ የስድስቱን ስልክ ያነሱት ዘመዶች ናቸው። አንዱ ባል፣ የሚስቱን ስልክ ለትዝታ ብሎ ሳያጠፋ እንዳስቀመጠው ነግሯታል፤ ሰኞ ቀትር ላይ መልእክት ሲገባ ደንግጦ ከእጁ ጣለው። ስለደወልሽ አመሰግናለሁ ብሏታል። ዳኛዋ ይህን ስትነግረኝ መነጽሯን አላወለቀችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራዬን ስታይ ምንም አትልም፤ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሠንጠረዡን በዚያው ሳምንት ሐሙስ አስገባሁ። አምስት ቋንቋ፣ አንድ ገጽ። ሲ ላለማየት ይፈቅዳል፣ ጃቫ ያየህ ለመምሰል ይፈቅዳል፣ ጎ በሰረዝ ያስጥላል፣ ፓይተን ካልጮህክ ይጮህልሃል፣ ረስት ሳጥኑን ያስከፍትሃል። ረስትም ቢሆን አልኩ ከታች፣ ሳጥኑን ከፍቶ ችግሩን ካየ በኋላ ምንም ላለማድረግ የቆረጠን ሰው አይከለክልም። አለቃችን አነበበው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነብ አየሁት። ከዚያ እኔ ያላወዳደርኩትን ስድስተኛ ቋንቋ መረጠ። ኮሚቴውም ተሰይሞ፣ ጥፋቱ የመልእክት ርዝመት ገደቡ ነው ብሎ ተበተነ። የሥራ መልቀቂያዬን አስገባሁ፤ አለቃችን በኋላ ይታያል አለኝ።

አሁን በየቀኑ ከሰዓት እህቴ ዘንድ ነኝ። ሱቋ ተዘግቷል፤ የሚሠራውን መኪና ወደ መኝታ ቤቷ አመጣንላት፤ ግን እግሯ መርገጥ ስላቃተው በእጇ ነው የምትሰፋው። የሙሽራዋን ቀሚስ ጠርዝ እየዘመዘመች ነው። ኮሌታ ትታለች፤ አንገቷ እንዳለ ይታያል፤ እኔም አያለሁ። ይቅርታ ያልኳት ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ስል በቃህ ትለኛለች፣ ወይም መቀሱን አቀብለኝ ትላለች።

ትናንት ግን ሳልጠይቃት እሷው ጀመረች። ሻርፕ ማሰር የጀመርኩ ሰሞን አለችኝ፣ ጎረቤቴ ጸጉር ሠሪዋ ይሄ ነገር እያደገ ነው፣ ሌላ ቦታ ታዪ ብላ ጨቀጨቀችኝ። ሄጄም ነበር። ለእሷም ለአንተም ሳልነግር። ካርድ አውጥቼ፣ ወረፋ ይዤ፣ ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ጋ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀር ተነስቼ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

"ለምን?" አልኳት።

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ ትንሽ አሰበች። እኔን ለመውቀስ አልነበረም፤ እህቴን አውቃታለሁ፣ ልትወቅሰኝ ብትፈልግ ፊት ለፊት ነው።

"አፈርኩ" አለች። "ወንድሜ ደህና ነሽ ካለኝ በኋላ ሌላ ሰው መጠየቅ አንተን ማማት መሰለኝ።"

ከዚያ ቀሚሱን ገልብጣ ሰጠችኝና ዓይኔ ደክሟል፣ ስፌቱን አንተ እይልኝ አለች። ተቀብዬ ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። ገበሩን፣ ጠርዙን፣ የእጅጌውን መጋጠሚያ አንድ በአንድ አየሁት፤ የላላ ክር የለበትም። እሷ ትራሷ ላይ ጋደም ብላ ትጠብቀኛለች። እንዴት ነው፣ ደህና ነው ወይ አለችኝ። ጣቴን ወደ መጀመሪያው ስፌት መልሼ እንደገና መከተል ጀመርኩ።

"እባክህ" አለች፣ "ዝም አትበለኝ።"